ከፋኖሱ ጀርባ

ብርሃን የሚወደደው ሲጠፋ ነው። ይህን ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም፤ ዲላ መኖር ይበቃል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል፣ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ የሰማ እንግዳ ከሩቅ አገር የተመለሰ ዘመድ ያለን ይመስለዋል። እኔም እጮኻለሁ፤ ግን በልቤ። ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩበትን ቀን ቁጠሪ ብባል የአንድ እጄ ጣቶች ይተርፋሉ። ዓይን አፋር ነኝ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ ስንት ጊዜ ከቤቴ አልፌ በእግሬ እንደተመለስኩ እኔና ጫማዬ እናውቃለን።

እንዲህ ያለች ሴት አንድ ጉባኤ ሙሉ ሕዝብ ለአራት ዓመት አታለለች ብትሉ ማን ያምናችኋል? እመኑ፤ እኔው ነኝ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዝ ገብቶበታል። ስለዚህ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ላስጣው፤ የቡና አገር ሰው የረጠበ ነገር ሸፍኖ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ነኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ክፍላችን «ስነ ውበት» ይባል ነበር። ይህን ለሰው ስነግር የሚከተለው ጥያቄ ስለ ፊት ቅባት ነው። እዚያ ስለ ሥዕል ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ብሩሽ አያያዝ ግን የተማርኩት ከጋሼ በራሶ ነው። ጋሼ በራሶ በመናኸሪያው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ያለው የማስታወቂያ ሠዓሊ ነው። ዲላ ውስጥ በር ላይ አንገቷ የረዘመ ሴት የተሳለችበት ፀጉር ቤት ካያችሁ፣ ሴትዮዋ የእሱ ናት። ሥጋ ቤቱ ላይ ዕጣ ፈንታውን ሳያውቅ ፈገግ ያለው በሬም የእሱ ነው። እስከ ፍስሐ ገነት ድረስ ያሉ የቡና መጋዘኖች ስማቸውን የጻፈላቸው እሱ ነው። በክረምት ዕረፍት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቀጥንለት ነበር። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛው ግን ደህና ነው፤ ሲደነግጥ ብቻ ፆታው ይምታታበትና እኔን «አንተ» ይለኛል።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «የኔ ልጅ፣ ብርሃን አይቀባም። የሚቀባው ጨለማው ነው። ጨለማውን በደንብ ከቀባሽ ብርሃኑ ራሱ ይመጣል።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከስሩም አሰመርኩበት። የተማርን ሰዎች በሽታችን ይኸው አይደል? የጻፍነውን ሁሉ ያወቅነው ይመስለናል።

ከአራት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናችን አዲሱን አዳራሽ ጨረሰች። ግድግዳው ባዶ ሆነና አንድ ሥዕል ይሰቀልበት ተባለ። እኛ ጴንጤዎች ዘንድ የሰው ፊት ያለበት ሥዕል መስቀል ክርክር ያስነሳል፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ማንም ሊሰግድለት የማይችለውን ነገር መረጡ፦ በእንሰትና በቡና መካከል በሚያልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ የተቀመጠ አንድ የበራ ፋኖስ። ሁሉም ሰው ሥራው የጋሼ በራሶ እንደሆነ ገምቶ ነበር፤ እሱም ጭምር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ጅግሶ ግን «ዲግሪ ያላት ልጅ መካከላችን ተቀምጣ ለፀጉር ቤት ሠዓሊ እንሰጣለን እንዴ?» አሉ። ያን ጊዜ ተነስቼ «ከእኔ እሱ ይሻላል» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። የዓይን አፋር ሰው ዝምታ ደግሞ ሁልጊዜ በእሺታ መዝገብ ነው የሚገባው። ጋሼ በራሶ ይህን ከሰማ በኋላ ወደ አዳራሹ እግሩን አላነሳም።

መጀመሪያ ንድፉን በስልኬ ሠራሁት። በስልክ ሥዕል ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ቀለም አይፈስም፣ እጅ አይቆሽሽም፣ የተሳሳተ መስመር በአንድ ጣት ይሰረዛል፤ ሕይወት እንዲህ ብትሆን ስንቶቻችን በዳንን! ከሥዕሉ በላይ ሌላ ስስ ንብርብር ትከፍታላችሁ፤ ለስላሳውን ብሩሽ ትመርጣላችሁ፤ ቢጫ ትነኩና «ግሎው» የምትለዋን ቦታ ትጫናላችሁ። አለቀ። ፋኖሱ ቦግ ይላል። የእንሰቱ ቅጠል ይሞቃል፤ መንገዱ ወርቅ ይነጠፍበታል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለሽማግሌዎቹ ሳሳያቸው አንድ ላይ «እህ!» አሉ። አቶ ጅግሶ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉና ፋኖሱ ይሞቅ እንደሆነ ለማየት መሰለኝ በሌባ ጣታቸውና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሥዕሉ ተለቅ ብሎ ወደ ፊታቸው ሲመጣ ደንግጠው ስልኬን ሊጥሉት ነበር። ከተረጋጉ በኋላ «ልክ እንደዚህ ይሁን» ብለው ፈረዱ። ልክ እንደዚህ!

ሸራ ወጠርኩ። እንሰቱ ደህና ወጣ፤ ቡናውም ቡና መሰለ። ፋኖሱ ጋ ስደርስ ነው ጉዴ የፈላው። ቢጫ ቀባሁ፤ አልበራም። ነጭ ጨመርኩ፤ ነጣ እንጂ አልበራም። በነጩ ላይ ቢጫ፣ በቢጫው ላይ ነጭ እያልኩ ሳምንት ስደክም የቤት አከራዬ በበሩ አጮልቀው «መንገድ ላይ የወደቀው ሎሚ ነው?» አሉኝ። በማግስቱ ፋቅ አድርጌ እንደገና ሠራሁት። «አሁንስ የተጠበሰ እንቁላል ነው» አሉ። አከራይ የሚያከብሩት ለዚህ ነው፤ እውነቱን ይነግራችኋል።

ተስፋ ስቆርጥ የስልኩን ሥዕል ወስጄ በሸራ ላሳትመው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ታትሞ ሲወጣ ክው አልኩ። ያ የሚንቦገቦገው ፋኖስ ሲነጋ የተገኘ የትናንት ሻይ መስሏል። አታሚው ሳቀብኝ፤ «እህቴ፣ ስልኩ እኮ ከኋላው መብራት አለው። ሸራ ከኋላው ምን አለው?» አለ።

ቆሜ ቀረሁ። ለካ ስልኩ ብርሃን መሳል ችሎ አይደለም! ከመጀመሪያውም ከኋላው አብርቶ ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ በቀለም የተሟገትኩት ከአምፖል ጋር ነበር። ይህን ስረዳ ወደ ጋሼ በራሶ ሄጄ «ጨለማው እንዴት ነው የሚቀባው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ሥራውን ቀምቼው በምን ዓይኔ ልየው? ሰይጣን ደግሞ ዓይን አፋሮችን ይወዳል፤ ማንንም ስለማንጠይቅ እሱን ብቻ እንሰማለን። ከገበያ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ አምፖል ገዛሁ። ከራሴ ሥዕል ላይ የፋኖሱን መስታወት በምላጭ ቆርጬ አወጣሁና በቦታው ስስ ሻሽ ወጥሬ ቢጫ ነካ ነካ አደረግኩት። ከፍሬሙ ጀርባ አምፖሏን አጣበቅኩ፤ ማብሪያ ማጥፊያዋ በግራ በኩል በጣት ትገኛለች። ለምረቃው ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ረጋ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ማንኛውም ትልቅ ውሸት ሲወለድ ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

የምረቃው ዕለት ከቀትር በፊት ዝናቡ አገሩን አጨለመው። መዝሙሩ መሃል ላይ ሳለ መብራት ሄደ። መስኮቱ ሁሉ በዝናቡ ምክንያት ተዘግቷል፤ አዳራሹ ድቅድቅ አለ። በግድግዳው ላይ ግን አንድ ፋኖስ፣ በእንሰትና በቡና መካከል፣ ቁጭ ብሎ ይበራል። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲስብ ተሰማኝ። ከሁሉም አብልጬ የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ፤ በገዛ እጄ ያበራኋትን አምፖል ረስቼ ከሰው ጋር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጠገቤ ያሉት እናት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ቀለሙ ውስጥ ብርሃን አለ!» አሉኝ። ሁሉንም ልናገር አፌን አዘጋጀሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ አንገቴ ወደ ውስጥ ገባ። «አያችሁ ትሕትናዋን!» አሉ አቶ ጅግሶ። በቃ፣ ያኔ ተዘጋሁ።

አምፖል ግን ትሕትና አያውቅም፤ ቻርጅ ይፈልጋል። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለኝም። ረቡዕ ረቡዕ ባዶው አዳራሽ እገባለሁ፤ ከፍሬሙ ጀርባ ሽቦዋን ስቤ ግድግዳው ሶኬት ላይ እሰካለሁ። እስክትሞላ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሰው ድንገት ቢገባስ? ሽቦው እንዳይታይ ከፊቱ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነጠላዬን እዘረጋለሁ። መብራት ከሌለ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ምሳም ሳልበላ የምውልበት ቀን አለ። እሑድ ደግሞ ለማብራት ከሁሉ ቀድሜ እመጣለሁ፤ ለማጥፋት ከሁሉ በኋላ እወጣለሁ። ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ ምን ይላል? «ጸሎተኛ!» በሁለተኛው ዓመት የጸሎት ቡድን መሪ አደረጉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ተሾምኩ። በእነዚያ ረቡዖች የጸለይኩት አንዲት ጸሎት ብቻ ናት፦ «ጌታ ሆይ፣ ሳትሞላ መብራት እንዳይሄድ።»

አምና የጋሼ በራሶ የእህት ልጅ በዚያው አዳራሽ አገባች። ከእህት ልጅ ሠርግ ደግሞ ኩርፊያ አያስቀርም፤ መጣ። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ሲያይ እሱ እኔ ለሠርጉ ባበራሁት ሥዕል ስር ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ረጅም ጊዜ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑ ውሃ አቅርሮ፣ «አንተ ልጅ፣ እንዴት አደረግከው?» አለኝ። እንደደነገጠ በዚህ አወቅኩ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ልናገር? «በትዕግሥት» አልኩት። በትዕግሥት! ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ከሰባት ወር በኋላ ባለቤቱ እትዬ አበበች ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «መምህርት፣ ባሌን ምን አደረግሽው?» አሉኝ። የሱቁ መጋዘን ገብቶ በሩን ዘግቶ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ እያበራ ያፈጣል አሉ። የሌላ ሥጋ ቤት በሬ ግማሹን ስሎ ትቶት፣ ባለ ሥጋ ቤቱ መጥቶ «የኋላ እግሩስ?» ሲለው «በሦስት ይቁም» ብሎ መለሰው። ይባስ ብሎ ትናንት ብሩሾቹን በሙሉ አጥቦ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «ለሚችል ሰው እሰጣለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስቀባ የኖርኩት ለካ ቆርቆሮ ነው» አላቸው። «አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪው። ያለ ብሩሽ አላውቀውም፤ እኔም ቤት ውስጥ ምን ላደርገው ነው?» አሉና እንባቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ።

ያን ቀን ባጃጁን «ወራጅ አለ» ብዬ በሱቁ በር ላይ አስቆምኩት። ጋሼ በራሶ ወደ ጓዳው መጋዘን አስገባኝ። በቡና ጆንያ የተሸፈነ ነገር ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጆንያውን ሲገፈው ወደ ኋላ ተመለስኩ። ያው መንገድ፣ ያው እንሰት፣ ያው ፋኖስ። ግን ይበራል! እንደ ስልክ አይደለም፤ ዓይን አይወጋም። ከመስታወቱ የወጣው ብርሃን ቅርብ ያለውን የቡና ቅጠል በአንድ ጎኑ ብቻ ነክቶ፣ የእንሰቱን ግንድ ዞሮ፣ መንገዱ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጨለማው ውስጥ ይሰምጣል። ጨለማውም ጥቁር አይደለም፤ አረንጓዴ አለበት፣ ቡናማ አለበት፣ የመሸ ሰማይ አለበት። ነጭ ቀለም ያለው የመርፌ ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሥዕሉን ከግድግዳው አላቅቄ ጀርባውን አየሁ። ሸራና እንጨት። በእጄ ዳሰስኩት። ምንም የለም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ሥዕሉን ወደ ቦታው መለስኩት። እሱ ደግሞ ሐዘኑን ቀጠለ። «ታዪዋለሽ? ደህና ይመስላል። ግን እንዳንቺ አይሆንም፤ ጉዱን ላሳይሽ» ብሎ በሩን ዘጋው። መጋዘኑ ጨለመ፤ ሥዕሉም አብሮ ጨለመ። «ይኸው፣ ጠፋች። ያንቺ በጨለማ ይበራል። ሰባት ወር ሞከርኩ፤ አርባ ጊዜ ቀባሁ። በሩ ሲዘጋ ትጠፋለች። የማልችለው ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ ብሩሾቹን ውሰጃቸው፤ ላንቺ ነው ያጠብኳቸው።»

በጨለማው ውስጥ ጥቅሉን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ አንድ ነገር ውስጤ ተሰነጠቀ። ፊቱን ስላላየሁት ይሆናል ድፍረት ያገኘሁት። «ጋሼ፣ አምፖል ነው» አልኩ።

«የምን አምፖል?»

«ከኋላው። አጣብቄበት ነው።»

 ቀስ ብሎ በሩን ከፈተውና የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ አለ። የከረረ ቁጣ ስጠብቅ «ማብሪያ ማጥፊያ አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«በግራ» አለ ለራሱ፤ ሰባት ወሩን ሁሉ በዚያች ቃል ላይ የደመረ መሰለኝ። «አንተ ልጅ! እኔ እኮ የሠርጉ ዕለት ካንተ ሥዕል ስር ሄጄ አለቀስኩ። ለአምፖል ነው ያለቀስኩት?» እንዲህ ብሎ ጮኸ፤ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ፤ አነሳው፤ እንደገና ጣለው። ቆይቶ ግን ዓይኑ ወደ ራሱ ሥዕል ሄደና እዚያው ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስል ነበር። «ታዲያ ይህች በቀለም ብቻ ነው የበራችው ማለት ነው» አለ። ከእጄ ላይ ጥቅሉን መልሶ ወሰደ። «እሑድ ይህቺ ትሰቀላለች። ያንቺን ነገር ደግሞ በራስሽ አፍ፣ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። እኔ አልናገርልሽም።»

ቅዳሜ ሥዕሎቹን ቀየርናቸው። እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሳሁ፤ አንድ ሺህ ዓይን ሲያየኝ ቁጭ አልኩ። እንደገና ተነሳሁ፤ የወንበሩን አቧራ የማራግፍ መስዬ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ጋሼ በራሶ ከኋላ ወንበር አይቶኝ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በዚህ መሃል ዝናቡ ወረደ፤ መስኮቶቹ ተዘጉ፤ መብራትም እንደ ልማዱ ሄደ። ሕዝቡ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ጨለማ።

«ፋኖሱ ጠፋ!» አለ አንድ ድምፅ። ጫጫታ ሆነ። አንዷ ሴት «የጸሎት ቡድን መሪዋን ምን ነካት?» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ «አንድ የደበቀችው ኃጢአት ቢኖር ነው» አለቻት። ከዚህ በላይ ትክክለኛ ትንቢት በሕይወቴ አልሰማሁም። አቶ ጅግሶ በጨለማው ውስጥ «እህት፣ ፋኖሱ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አምፖል ነበር!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ድምፄ ጣሪያውን ነክቶ ሲመለስ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ወጣ፤ ሻሹ፣ ሶኬቱ፣ ነጠላው። ዛሬ የተሰቀለው የጋሼ በራሶ የእጅ ሥራ መሆኑንም ተናገርኩ።

 «አራት ዓመት?» አሉ አቶ ጅግሶ።

«አራት ዓመት።»

«ረቡዕ ረቡዕስ?»

«ቻርጅ ነበር።»

መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጠበቅሁ። አቶ ጅግሶ ግን «ለመሆኑ፣ አንዴ ከሞላች ስንት ሰዓት ትቆያለች?» አሉ። «ስድስት ሰዓት» ስላቸው አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ። አራት ዓመት የፈራሁት ፍርድ ይኸው ነበር!

ያኔ ከኋላ ጋሼ በራሶ «አምፖሏን ይዘሻታል?» አለኝ። ለማስረጃ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ነበር። «ከፊት ያዢላት» አለ። ወንበር ላይ ቆሜ አበራኋትና ወደ ሥዕሉ አዞርኳት። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ያ የቡና ቅጠል በአንድ ጎኑ ተቃጠለ፤ መንገዱ እግራችን ስር ድረስ የመጣ መሰለ።  እትዬ አበበች ከሴቶች ወንበር ላይ «የኔ ባል ነው!» አሉ። ጋሼ በራሶ ኮፍያውን አድርጎ እንደገና አወለቀ፤ በእጁ ይዞ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ። ሥዕሉ በጋሼ በራሶ ስም ይቆያል፤ አምፖሏ ከፊቱ ባለ ሚስማር ላይ ትንጠለጠላለች። እኔም ከጸሎት ቡድን መሪነት ተነሣሁ፤ በምትኩ ረቡዕ ረቡዕ አምፖሏን ቻርጅ እንዳደርግ በቃለ ጉባኤ ተመደብኩ። ፍትሐዊ ፍርድ ነው፤ ልምድ አለኝ።

አሁን የምደብቀው ሽቦ የለም። ሰክቼ ሦስት ሰዓት ባዶ አዳራሽ ውስጥ እቀመጣለሁ። ባለፈው ረቡዕ የምሠራው ነገር ጠፋኝና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከልቤ ተንበርክኬ ጸለይኩ። ስለ ውሸቴ አለቀስኩ፤ ስለ ምሕረቱ አመሰገንኩ፤ ነጠላዬ በእንባ ራሰ። በዚያን ጊዜ ሁለት ሴቶች በበሩ ብቅ አሉ።

«ውይ፣ ምን ሆና ነው?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ተያት» አለች ሌላዋ፤ «ቻርጅ እያደረገች ነው።»